ፊልማችሁን በዲአርኤም መጠበቅ፦ ከቪዲዮው ዝግጅት እስከ ቁልፍ አሰጣጥ

ፊልም ሠርታችኋል። ሲኒማ ቤት ታይቶ ጨርሷል። አሁን በራሳችሁ ድረ ገጽ ወይም አፕ ልትሸጡት አስባችኋል። ተመልካቻችሁ ከፊሉ አዲስ አበባ ነው፤ ከፊሉ ዋሽንግተን፣ ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ። ያኔ ሁሉም የፊልም ባለቤት የሚጠይቀው ጥያቄ ይመጣል፦ አንዱ ከፍሎ ካየው በኋላ አውርዶ ቴሌግራም ላይ ቢለቀውስ?

ይህ መመሪያ ለዚህ ጥያቄ የተጻፈ ነው። እንደ ኔትፍሊክስ ያሉ ትልልቅ አገልግሎቶች ቪዲዮአቸውን የሚጠብቁት ዲአርኤም በሚባል ቴክኖሎጂ ነው፤ ቪዲዮውን መስጥሮ መክፈቻ ቁልፉን ለተፈቀደለት ሰው መሣሪያ ብቻ ይሰጣል። እንዴት እንደሚሠራና እናንተ እንዴት እንደምትጠቀሙበት ደረጃ በደረጃ እናያለን። ፕሮግራመር ከሆናችሁ ቅደም ተከተሉን ይዛችሁ መጀመር ትችላላችሁ። ካልሆናችሁም ሥራውን ለሚሠራላችሁ ሰው ምን ምን ጥያቄ ማቅረብ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።

ብዙ ሰው ዲአርኤም ማለት ቪዲዮን ማመስጠር ብቻ ይመስለዋል። ማመስጠሩ ግን ቀላሉ ክፍል ነው። ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ሥራውን ቶሎ ይጨርሰዋል። ከባዱ ነገር ቁልፉን ለማን፣ ለየትኛው መሣሪያና ለስንት ሰዓት እንደምትሰጡ መወሰን ነው። ፊልማችሁ የሚተርፈውም የሚዘረፈውም እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ እዚያ ክፍል ስንደርስ ረዘም አድርገን እንቆያለን።

መጀመሪያ፦ በእርግጥ ያስፈልጋችኋል?

ፊልሙን ዩቲዩብ ላይ በነፃ ለቅቃችሁ ከማስታወቂያ ገቢ የምታገኙ ከሆነ አያስፈልጋችሁም። ሥራችሁ ለሠራተኞች የሚታይ የሥልጠና ቪዲዮ ከሆነም የመግቢያ የይለፍ ቃልና ጊዜው የሚያልፍ ሊንክ ይበቃል። ዲአርኤም የሚያስፈልገው ቪዲዮው ራሱ የሚሸጥ ዕቃ ሲሆን ነው። ወይም ደግሞ የሌላ ሰው ፊልም ተከራይታችሁ ስታሳዩ ነው። የውጭ ስቱዲዮዎች ፊልማቸውን ሲያከራዩ ዲአርኤምን በውላቸው ውስጥ በግዴታ ያስቀምጣሉ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ኤችኤልኤስ በሚባለው የስትሪሚንግ ዘዴ ውስጥ ኤኢኤስ 128 የሚባል ተራ ማመስጠሪያ አለ። አንዳንድ ድረ ገጽ ሠሪዎች ይህንን «ዲአርኤም» ብለው ይሸጡላችኋል። ቪዲዮው እውነትም ይመሰጠራል። ግን የቁልፉ አድራሻ በቪዲዮው ዝርዝር ፋይል ውስጥ ተጽፎ ይቀመጣል። ብራውዘሩ ቁልፉን በግልጽ ያወርደዋል። ከፍሎ የገባ ማንኛውም ሰው ቁልፉን አይቶ መውሰድ ይችላል፤ የማውረጃ ፕሮግራሞችም ይህንን በራሳቸው ይሠሩታል። በሩን ቆልፎ ቁልፉን እዚያው በሩ ላይ ሰክቶ እንደመሄድ ነው።

በእውነተኛ ዲአርኤም ግን ቁልፉ ራሱ ተመስጥሮ ነው የሚላከው። የሚመሰጠረውም ለዚያ ለአንድ መሣሪያ ብቻ ነው። የሚፈታውም በመሣሪያው ላይ ባለ፣ ሲዲኤም በሚባል የታሸገ ክፍል ውስጥ ነው። የድረ ገጹ ኮድ ቁልፉን አያየውም። ተመልካቹም አያየውም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ትልቅ ልዩነት ነው።

ሦስቱ ሥርዓቶች

ዓለምን የያዙት ሦስት ዲአርኤሞች ናቸው። ዋይድቫይን የጎግል ነው፤ ጎግል ኩባንያውን የገዛው በፈረንጆቹ 2010 ነው። ፕሌይሬዲ የማይክሮሶፍት ነው። ፌርፕሌይ የአፕል ነው። ሦስት የሆኑት እያንዳንዱ ኩባንያ በራሱ መሣሪያ ላይ የራሱን ስለሚጠቀም ነው።

ዋይድቫይን በአንድሮይድ ስልኮች፣ በክሮምና በፋየርፎክስ ላይ ይሠራል። ፌርፕሌይ በአይፎን፣ በአይፓድ፣ በአፕል ቲቪና በማክ ሳፋሪ ላይ ይሠራል። ፕሌይሬዲ በዊንዶውስ ኤጅ፣ በኤክስቦክስና በብዙ ስማርት ቲቪዎች ላይ አለ። የሳምሰንግና የኤልጂ ቲቪዎች ዋይድቫይንንም ይቀበላሉ።

ስለዚህ ከአንድ በላይ ያስፈልጋችኋል። የኔ ምክር በዋይድቫይንና በፌርፕሌይ ጀምሩ የሚል ነው። አገር ቤት ያለውን የአንድሮይድ ተመልካችና ውጭ አገር ያለውን የአይፎን ተመልካች በሁለቱ ትይዛላችሁ። የቲቪ አፕ ስትሠሩ ፕሌይሬዲን ትጨምራላችሁ።

ድሮ ቢሆን ለእያንዳንዱ ሥርዓት ፊልሙን ለየብቻ ማመስጠር ግድ ነበር። ይህን ችግር የፈታው የጋራ ማመስጠሪያ የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው፤ ቁጥሩ አይኤስኦ/አይኢሲ 23001-7 ነው። ፊልሙ አንዴ በአንድ ቁልፍ ይመሰጠራል። ያንን አንድ ቁልፍ ሦስቱ ሥርዓቶች በየራሳቸው መንገድ ለመሣሪያዎቻቸው ያደርሳሉ።

በዚህ ደረጃ ውስጥ በብዛት የሚሠራባቸው ሁለት ዓይነቶች አሉ። አንደኛው ሴንክ ይባላል። ሁለተኛው ሲቢሲኤስ ነው። በሲቢሲኤስ ከቪዲዮው ውስጥ በተለምዶ ከ10 ብሎክ (ትንሽ የዳታ ቁራጭ) 1 ብቻ ይመሰጠራል፤ 9ኙ እንዳለ ይታለፋል። ቪዲዮውን ለማበላሸት ይበቃል፤ የስልኩንም ድካም ይቀንሳል። አፕል የሚቀበለው ሲቢሲኤስን ብቻ ነው። አንድሮይድ ደግሞ ሲቢሲኤስን የሚቀበለው ከ7.1 ጀምሮ ነው። አብዛኛው ተመልካቻችሁ ከዚያ ወዲህ የወጣ ስልክ ካለው በሲቢሲኤስ ብቻ ሥሩ። የቆዩ ስልኮችንም መያዝ ከፈለጋችሁ ሁለት ቅጂ ታዘጋጃላችሁ፣ አንዱን በሴንክ፣ አንዱን በሲቢሲኤስ፤ የማስቀመጫ ወጪው ግን በእጥፍ ይጨምራል።

ደረጃ 1፦ ቪዲዮውን ማዘጋጀት

ዋናውን ፋይል በኤፍኤፍኤምፔግ ወይም በሌላ መቀየሪያ ወደ ብዙ የጥራት ደረጃዎች ቀይሩት። 240፣ 360፣ 480፣ 720 እና 1080 ይበቃሉ። ቪዲዮው ኤች 264፣ ድምፁ ኤኤሲ ይሁን። ሁሉም መሣሪያ ይህን ያነባል። ኪፍሬሞቹ፣ ማለትም ቪዲዮው ከእነሱ ላይ መጀመር የሚችልባቸው ሙሉ ምስሎች፣ በሁሉም ጥራት ላይ እኩል ቦታ ላይ ይውደቁ፤ በየ2 ሰከንዱ አድርጉት። ካልሆነ ኔትወርኩ ሲዋዥቅ ተጫዋቹ (ቪዲዮውን የሚያሳየው ፕሮግራም) ከአንዱ ጥራት ወደ ሌላው ሲዘል ምስሉ ይሰናከላል።

240 እና 360ን እንዳትዘሏቸው። አገር ቤት በሞባይል ዳታ የሚያይ ሰው የሚኖረው እነሱ ላይ ነው። ከፍሎ የማይከፈትለት ተመልካች በሚቀጥለው ጊዜ ቴሌግራም ላይ ይፈልጋል። ጥሩ አገልግሎት ራሱ የጥበቃ ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ። ማመስጠሩ የፋይሉን መጠን የሚታይ ያህል አይጨምርም፤ ቁልፉን ለመሣሪያው ይዞ የሚሄደው መልእክት፣ ላይሰንሱም፣ ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ነው። ስለዚህ ዲአርኤም ዳታ ይበላል የሚለው ስጋት አያሳስባችሁ።

ደረጃ 2፦ ቁልፎቹን መፍጠር

እያንዳንዱ ቁልፍ 16 ባይት ርዝመት አለው። ከእሱ ጋር መለያ ቁጥር አለው፤ እሱም 16 ባይት ነው። መለያው ምስጢር አይደለም። ተጫዋቹ «የዚህን መለያ ቁልፍ ስጡኝ» ብሎ እንዲጠይቅ በቪዲዮው ውስጥ በግልጽ ይቀመጣል። ምስጢሩ ቁልፉ ብቻ ነው።

ቁልፉን በእጅ አትጻፉ፣ ከፊልሙ ስምም አታውጡ። ለምስጠራ በተሠራ የዘፈቀደ ቁጥር አውጪ አመንጩት። ለሁሉም ፊልም አንድ ቁልፍ አትጠቀሙ። አንዱ ከተገኘ ሁሉም ፊልም አብሮ ይሄዳል።

ከዚያም አንድ እርምጃ ጨምሩ። በአንድ ፊልም ውስጥም ለድምፁ፣ ለዝቅተኛው ጥራትና ለኤችዲው የተለያየ ቁልፍ ስጡ። ምክንያቱ በኋላ ይገባችኋል፦ ጥበቃው ደካማ ለሆነ መሣሪያ የዝቅተኛውን ጥራት ቁልፍ ብቻ ትሰጡታላችሁ። ኤችዲው ፋይል እጁ ቢገባ እንኳ ሊከፍተው አይችልም።

ቁልፎቹን ከቪዲዮው ጋር በአንድ ሰርቨር ላይ አታስቀምጡ። የላይሰንስ አገልግሎት ሰጪ ካላችሁ ቁልፉን እሱ ያመነጫል፣ እሱ ያስቀምጣል። ለትንሽ ቡድን ይህ ይሻላል።

ደረጃ 3፦ ማመስጠርና ማሸግ

ይህ ደረጃ ከስሙ በላይ ቀላል ነው። የጎግል ሻካ ፓኬጀር ነፃና ክፍት ፕሮግራም ነው። ቤንቶ4 ሌላው ነው። የተዘጋጁትን ቪዲዮዎች፣ ቁልፎቹንና መለያዎቹን ትሰጡታላችሁ። እሱ ደግሞ ቪዲዮውን ይመሰጥራል፣ በትንንሽ ቁራጮች ይከፋፍላል፤ የቁራጭ ርዝመት ከ4 እስከ 6 ሰከንድ ጥሩ ነው። በመጨረሻም ሁለት ዝርዝር ፋይሎችን ያወጣል፦ አንዱ ዳሽ ለሚባለው የስትሪሚንግ ዘዴ፣ አንዱ ለኤችኤልኤስ። ዝርዝሩ የትኛው ቁራጭ የት እንዳለና የትኛው ዲአርኤም እንደሚያስፈልግ ለተጫዋቹ ይነግራል።

ሻካ ፓኬጀር ካልከለከላችሁት የመጀመሪያዎቹን 5 ሰከንዶች ሳይመሰጥር ይተዋል። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ላይሰንሱ እስኪመጣ ድረስ ፊልሙ ወዲያው እንዲጀምር ያግዛል። የፊልሙ መክፈቻ ላይ የምትሰጉለት ነገር ከሌለ እንዳለ ተዉት።

በአማዞን ክላውድ የምትሠሩ ከሆነ ሚዲያኮንቨርት ይህንን ሁሉ ይሠራላችኋል። ቁልፉንም ስፒክ በሚባል መገናኛ በኩል በቀጥታ ከላይሰንስ አገልግሎት ሰጪው ይወስዳል። ቁልፍ በሰው እጅ ስለማያልፍ ደስ ይለኛል።

ሲያልቅ አንድ ፈተና አድርጉ። ከፊልሙ መሃል የመጡ ቁራጮችን ይዛችሁ በቪኤልሲ ለማጫወት ሞክሩ። ምስል ከታያችሁ አልተመሰጠረም ማለት ነው። ዋናው ያልተመሰጠረ ፋይልም ለሕዝብ ክፍት በሆነ ማህደር ውስጥ አለመቅረቱን አረጋግጡ። በሚገርም ሁኔታ ብዙ ፊልም የሚወጣው በዚህ በኩል ነው፤ ዲአርኤሙን ማንም ሳይነካው።

ደረጃ 4፦ የላይሰንስ አገልግሎት መያዝ

ከጎግል፣ ከአፕልና ከማይክሮሶፍት ጋር በቀጥታ መዋዋል ይቻላል። ለትንሽ ቡድን ግን አድካሚ ነው። ሦስቱን በአንድ ላይ የሚሸጡ ኩባንያዎች አሉ፤ ኢዜድዲአርኤም፣ ባይዲአርኤምና አክሲኖም ከታወቁት ውስጥ ናቸው። ክፍያቸው ብዙውን ጊዜ በወር ወይም በተሰጠው የላይሰንስ ብዛት ነው። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ አገር ቤት ሆናችሁ የምትሠሩ ሰዎች አከፋፈሉን ከወዲሁ አስቡበት።

ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቋቸው። አንድ ላይሰንስ የሚቆጠረው በአንድ እይታ ነው ወይስ በአንድ ቁልፍ? ተመልካቹ ፊልሙን አቋርጦ ሲመለስ ሁለተኛ ይቆጠራል? በኢንተርኔት ያልተገናኘ እይታን ይደግፋሉ? ሰርቨራቸው ለተመልካቾቻችሁ ቅርብ ነው? ውሉ ሲቋረጥ ቁልፎቻችሁን ይሰጧችኋል? የመጨረሻው ጥያቄ በጣም አስፈላጊ ነው። ቁልፉን ካልሰጧችሁ ፊልሞቻችሁን ሁሉ እንደገና ታሽጋላችሁ።

ለፌርፕሌይ ራሳችሁ የምታደርጉት ነገር አለ። የአፕል የዴቨሎፐር አካውንት ያስፈልጋችኋል፤ በዓመት 99 ዶላር ነው። የአካውንቱ ባለቤት የሆነው ሰው ራሱ ለፌርፕሌይ ያመለክታል። ሲፈቀድ የምስክር ወረቀትና አንድ ምስጢራዊ ቁልፍ ይሰጣችኋል። ያንን ምስጢራዊ ቁልፍ በኢሜይል አትላኩት፣ በኮድ ማህደር ውስጥ አትክተቱት። የአፕል ማጽደቂያ ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል ማመልከቻውን በመጀመሪያው ሳምንት አስገቡት፤ ፊልሙን ልትለቁ ሲቃረብ አይደለም።

ደረጃ 5፦ ማን ቁልፍ ያገኛል?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። የላይሰንስ ሰርቨሩ ማን እንደከፈለና ማን እንዳልከፈለ አያውቅም። የሚያውቀው የእናንተ ሰርቨር ነው። ስለዚህ በሁለቱ መሃል መተማመኛ ያስፈልጋል። እሱ ቶከን ይባላል።

ሂደቱ እንዲህ ነው። ተመልካቹ «አጫውት» የሚለውን ሲጫን አፑ መጀመሪያ የእናንተን ሰርቨር ይጠይቃል። ሰርቨራችሁ ሰውየው መግባቱን፣ ይህን ፊልም መክፈሉንና የኪራይ ጊዜው አለማለፉን ያያል። ሁሉም ልክ ከሆነ አጭር ቶከን ይጽፋል። ቶከኑ ውስጥ የተጠቃሚው መለያ፣ የፊልሙ መለያ፣ የሚያበቃበት ሰዓትና የተፈቀደው ጥራት አለ። ሰርቨራችሁ በምስጢራዊ ፊርማው ያትመዋል። ተጫዋቹ ያንን ቶከን ከላይሰንስ ጥያቄው ጋር አያይዞ ለላይሰንስ ሰርቨሩ ይልካል። እሱም ፊርማውን ያረጋግጥና ቁልፉን ለዚያ መሣሪያ መስጥሮ ይሰጣል።

ጥበቃው ብዙ ጊዜ የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው፤ የሚሰበረውም ምስጠራውን በመፍታት አይደለም።

አንደኛው የላይሰንስ አድራሻውን ያለ ቶከን ክፍት መተው ነው። ለሙከራ ተብሎ ይከፈታል፣ ከዚያ ይረሳል። ያኔ አድራሻውን ያወቀ ሁሉ፣ ያልከፈለም ጭምር፣ ቁልፍ ያገኛል። ሁለተኛው ለቀናት የሚቆይ ቶከን መስጠት ነው። ቶከኑ በአንድ ቻት ግሩፕ ውስጥ ከተላለፈ በቃ። 5 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ተጫዋቹ የሚፈልገው ላይሰንሱን እስኪያመጣ ብቻ ነው። ሦስተኛው በቶከኑ ውስጥ የፊልሙን መለያ አለመጻፍ ነው። ያኔ አንድ ፊልም የከፈለ ሰው ሌላውንም ይከፍትበታል። የላይሰንስ ሰርቨሩ የተጠየቀው ቁልፍ በቶከኑ ውስጥ የተጻፈው ፊልም መሆኑን ማመሳከር አለበት። አራተኛው ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፦ ቶከኑን የሚያትመውን ምስጢራዊ ፊርማ በአፑ ወይም በድረ ገጹ ኮድ ውስጥ መክተት። አፕ ተከፍቶ ይነበባል። ፊርማው ሁልጊዜ ሰርቨር ላይ ብቻ ይኑር።

ሥራውን ለሰው የሰጣችሁ ከሆነ እነዚህን አራት ነገሮች አንድ በአንድ ጠይቁት። «ተመስጥሯል» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም።

ደረጃ 6፦ በምን ሁኔታ ያገኛል?

ላይሰንስ ከቁልፉ ጋር ሕግም ይዞ ነው የሚሄደው። ሕጉን የምትጽፉት እናንተ ናችሁ፤ የሚያስከብረው ተመልካቹ መሣሪያ ላይ ያለው ሲዲኤም ነው።

ለኪራይ በዓለም ላይ የተለመደው አሠራር ከከፈለ ጀምሮ 30 ቀን፣ ማየት ከጀመረ ጀምሮ 48 ሰዓት ነው። ለአባልነት ደግሞ አጭር ላይሰንስ ሰጥቶ ማደስ ይሻላል። በየጥቂት ደቂቃው እድሳት ከጠየቀ በአንድ አካውንት ስንት ሰው በአንድ ጊዜ እያየ እንደሆነ ትቆጥራላችሁ፤ ከገደቡ ያለፈውን እድሳቱን ትከለክላላችሁ። ለቀጥታ ስርጭት ቁልፉን በየጊዜው መቀየር ይቻላል።

ከዚህ ቀጥሎ የመሣሪያው የጥበቃ ደረጃ አለ። ዋይድቫይን ሦስት ደረጃዎች አሉት። ኤል1 ላይ ቁልፉም ምስሉም የሚፈቱት በስልኩ ቺፕ ውስጥ ባለ የተለየ ደህንነቱ የተጠበቀ ክፍል ነው፤ አንድሮይድ ራሱ አያየውም። ኤል3 ላይ ሁሉም ነገር በሶፍትዌር ነው የሚሠራው። ኤል2 በመሃል ነው፣ ብዙም አይገኝም። ፕሌይሬዲ ተመሳሳይ ክፍፍል አለው፤ በሃርድዌር የሚጠበቀው 3000፣ በሶፍትዌር የሚጠበቀው 2000 ይባላል።

ኤል3 ሊሰበር የሚችል ነው። በፈረንጆቹ 2019 መጀመሪያ ላይ አንድ የደህንነት ተመራማሪ እንደሰበረው በይፋ ተናግሯል። ጎግል ያስተካክላል፣ ሌላ ክፍተት ይገኛል፤ እንዲህ እየተባለ ይቀጥላል። ኔትፍሊክስ በአንድሮይድ ላይ ኤል1 ለሌለው ስልክ ኤችዲ የማይሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። ግን አስተውሉ፦ በኮምፒውተር ላይ ያለ ክሮም በአብዛኛው ኤል3 ነው። ብዙ ርካሽ ስልኮችም እንዲሁ። ኤል3ን ጨርሳችሁ ከከለከላችሁ ከፋይ ተመልካቾቻችሁን ታባርራላችሁ።

ስለዚህ የምመክረው ይህን ነው። ለኤል3 እስከ 480 ስጡ። ለኤል1፣ ለፌርፕሌይና በሃርድዌር ለሚጠበቅ ፕሌይሬዲ 720ን እና 1080ን ስጡ። በደረጃ 2 ቁልፎቹን የለያየነው ለዚህ ነበር። የተሰረቀው ቅጂ ደብዛዛ ይሆናል፤ የከፈለው ሰው በጥሩ ስልኩ የተሻለውን ያያል።

ኤችዲሲፒ የሚባል ሌላ ሕግ አለ። ምስሉ በኤችዲኤምአይ ገመድ ወደ ቲቪ ሲወጣ መንገድ ላይ እንዳይቀዳ ይመሰጥረዋል። ለ4ኬ ስቱዲዮዎች ኤችዲሲፒ 2.2 ይጠይቃሉ። እናንተ 1080 ብቻ የምትሸጡ ከሆነ ግን አታስገድዱት። አሮጌ ቲቪ ወይም ገመድ ያለው ሰው ከፍሎ ጥቁር ስክሪን ያያል፤ ምክንያቱንም አያውቅም። ከዚያ የምታተርፉት ጥበቃ ትንሽ ነው፣ የምታጡት እምነት ግን ብዙ ነው።

አውርዶ ኋላ ማየትን ፍቀዱ። ዳታ ውድ ለሆነበት ተመልካች ትልቅ ነገር ነው። ቪዲዮው እንደተመሰጠረ ስልኩ ላይ ይቀመጣል፣ ላይሰንሱም አብሮ ይቀመጣል። ጊዜው ሲያልፍ ፋይሉ ቢኖርም አይከፈትም።

ደረጃ 7፦ ተጫዋቹን ማገናኘት

በድረ ገጽ ላይ ሻካ ፕሌየር ጥሩ ነው። በአንድሮይድ ላይ ሚዲያ3 ውስጥ ያለው ኤክሶፕሌየር፣ በአይፎን ላይ ደግሞ የአፕል ኤቪፕሌየር አለ። የዝርዝር ፋይሉን አድራሻ፣ የላይሰንስ ሰርቨሩን አድራሻና ቶከኑን ትሰጧቸዋላችሁ፤ ለፌርፕሌይ የምስክር ወረቀቱንም ትጨምራላችሁ።

በብራውዘር ውስጥ ይህን ሁሉ የሚያገናኘው ኢኤምኢ ይባላል። ተጫዋቹ ቪዲዮው የተመሰጠረ መሆኑን ያያል። ሲዲኤሙን ጥያቄ አዘጋጅልኝ ይለዋል። ጥያቄውን ወደ ላይሰንስ ሰርቨሩ ይወስዳል፣ መልሱን ሳይከፍት ለሲዲኤሙ ይመልሳል። ኢኤምኢ የድረ ገጽ ደረጃ ሆኖ የጸደቀው በመስከረም 2017፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ነው። በዚያን ዕለት የዲጂታል መብት ተሟጋቹ ድርጅት ኢኤፍኤፍ፣ የድረ ገጽ ደረጃዎችን ከሚያወጣው ከደብልዩ3ሲ አባልነቱ ለቋል። ተቃውሞው ዋዛ አልነበረም። የተዘጋ ኮድ በሰው ኮምፒውተር ላይ ሲሠራ ተመራማሪዎች ጉድለቱን ሲመረምሩ ሊከሰሱ ይችላሉ የሚል ነበር። ዲአርኤም ስትጠቀሙ የተመልካቹን መሣሪያ ከባለቤቱ ፍላጎት ውጭ እንዲሠራ እያደረጋችሁ መሆኑን አትርሱ። የምትጽፉት ሕግ ልከኛ ይሁን የምለው ለዚህም ነው።

በተግባር ሁለት ነገር አስታውሱ። ኢኤምኢ የሚሠራው በኤችቲቲፒኤስ ላይ ብቻ ነው። አይፎን ላይ ደግሞ ተመልካቹ ክሮምን ቢጠቀም እንኳ ከሥሩ ያለው በአብዛኛው የአፕል ሞተር ስለሆነ የሚያስፈልገው ፌርፕሌይ ነው።

የስህተት መልእክቶቹን በአማርኛ ጻፏቸው። «ስህተት 6001» ከማለት «ይህ ስልክ ፊልሙን በዝቅተኛ ጥራት ብቻ ያሳያል» ወይም «የኪራይ ጊዜዎ አልቋል» ማለት ሰውን ያከብራል። ደውሎ የሚጠይቃችሁንም ይቀንሳል።

ደረጃ 8፦ ማሰራጫው

የተመሰጠሩትን ቁራጮች በሲዲኤን፣ ማለትም ቪዲዮውን ለተመልካቹ ቅርብ ከሆነ ቦታ በሚያደርስ የሰርቨሮች መረብ፣ አሰራጩ። ተመስጥረዋል ብላችሁ ግን ክፍት አትተዋቸው፤ ጊዜው የሚያልፍ የተፈረመ ሊንክ ወይም ኩኪ አድርጉባቸው። ሌላው ሰው ያለ ቁልፍ ባያየውም በእናንተ ገንዘብ ያወርደዋል። ፊልሙን ለአንዳንድ አገር ብቻ ከሸጣችሁ የአገር ገደቡን እዚህም፣ ላይሰንስ ስትሰጡም አድርጉት።

ደረጃ 9፦ መሞከር

አንድ ርካሽ አንድሮይድ፣ አንድ የተሻለ አንድሮይድ፣ አንድ አይፎን፣ አንድ ዊንዶውስ ኮምፒውተርና አንድ ማክ ያዙ። በሁሉም ላይ ፊልሙን ክፈቱ፣ የትኛው ጥራት እንደመጣ እዩ። ስክሪን ለመቅረጽ ሞክሩ። ኤል1 ባለው ስልክና በአይፎን ላይ ጥቁር ምስል መምጣት አለበት። በኮምፒውተር ክሮም ላይ ሊቀረጽ ይችላል፤ ለዚህ ነው 480 ላይ ያቆምነው።

ከዚያ እንደ ሌባ ሞክሩት። የላይሰንስ አድራሻውን ያለ ቶከን ጥሩት። ያለፈበትን ቶከን ላኩ። የአንዱን ፊልም ቶከን ለሌላው ፊልም ተጠቀሙበት። አካውንት በብዙ ስልክ ላይ በአንድ ጊዜ ክፈቱ። ሁሉም መከልከል አለባቸው። ኔትወርኩን መሃል ላይ አቋርጡና መልሱት፤ የከፈለው ሰው ካቆመበት መቀጠል አለበት።

ደረጃ 10፦ ከወጣስ?

ማንኛውም ዲአርኤም ስልክን ቲቪ ፊት አቁሞ በካሜራ መቅረጽን አያስቆምም። ለዚህ የሚረዳው የውሃ ምልክት ነው። ቀላሉ የተጠቃሚውን መለያ በስክሪኑ ላይ ቦታ እየቀያየረ ደብዘዝ አድርጎ ማሳየት ነው። የስልክ ቁጥሩን ወይም ስሙን አታሳዩ፤ ለእናንተ ብቻ የሚገባ ኮድ ይበቃል። ሁለተኛው ዓይነት ለዓይን አይታይም። ከእያንዳንዱ ቁራጭ በጥቂቱ የሚለያዩ ሁለት ቅጂዎች ይዘጋጃሉ፤ እያንዳንዱ ተመልካች የራሱ የሆነ ቅደም ተከተል ይደርሰዋል። የተለቀቀው ቅጂ ሲመረመር የማን አካውንት እንደሆነ ይታወቃል። ዋጋው ከፍ ይላል፤ አዲስ ለሚወጣ ትልቅ ፊልም ካልሆነ ወዲያው አትግቡበት።

ቅጂው ሲገኝ መጀመሪያ ማስረጃ ያዙ፦ አድራሻውን፣ ሰዓቱን፣ የስክሪን ምስሉንና የውሃ ምልክቱን። ከዚያ አካውንቱ ላይሰንስ እንዳያገኝ አግዱ። ቅጂው እንዲነሳም ለተለቀቀበት መድረክ ጥያቄ አቅርቡ። ዩቲዩብም ቴሌግራምም የቅጂ መብት ጥሰት መቀበያ አላቸው። ቅጂው አሜሪካ ውስጥ ባለ ሰርቨር ላይ ከሆነ በፈረንጆቹ 1998 የወጣው ዲኤምሲኤ የሚባለው የአሜሪካ ሕግ ይረዳችኋል፤ ሥራው እንዲነሳ የመጠየቂያ ሥርዓት አለው፣ የዲአርኤም ጥበቃን መስበርንም ይከለክላል። አገር ቤት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። ክስ ማቅረብ ካሰባችሁ የፊልሙ ባለቤት መሆናችሁን የሚያሳዩ ውሎች፣ ከደራሲው፣ ከተዋንያኑና ከሙዚቃ ባለሙያው ጋር የተፈራረማችኋቸው ሁሉ፣ ፊልሙ ከመለቀቁ በፊት በአንድ ማህደር ተሰብስበው ይቀመጡ።